አንድ ስንዝር ክር

ባለፈው ወር የማዳመጫ ክፍሉን ቁልፍ አስረከብኩ። ትንሿ ካሴት መጣችና ዘማሪው ሁሉ ድምፁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ፤ እንደ በፊቱ አግዳሚ ላይ ተራ ይዞ እኔን የሚጠብቅ የለም። አሁን መዘምራኑን የያዘው ወጣት መምህር፣ «እትዬ በላይነሽ፣ እንዲሁማ አይሂዱ፤ እንዴት እንደሚሠሩ ይጻፉልን» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ከብጄ ነው፣ ያውም ከልጄ ደብተር ላይ። እንግዲህ ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ አይንጋደድም ብዬ ይኸው ጀመርኩ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅልኝ፤ እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ወንዝ እፈራለሁ፣ የፈረንጅ ውሻ እፈራለሁ፣ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ልጄ አልማዝ ከትምህርት ቤት ትወጣብኛለች ብዬ እፈራ ነበር። የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ፍርሃት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው አስቀድሜ የነገርኳችሁ።

ከቡልጋ የመጣሁት ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው፣ አልማዝን አዝዬ። መካኒሳ ያኔ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል፤ ከሚሲዮኑ አጥር ወዲያ ጤፍ ይዘራል፣ ወዲህ ደግሞ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ይሠራል። ሚሲዮኑ ግቢ ልብስ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የግቢው ኃላፊ ሁላችን «ሲስተር» የምንላቸው ፈረንጅ ነበሩ። አማርኛ የተማሩት ከመጽሐፍ ስለነበር ሲቆጡም እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው። «ሳሙና አላግባብ አይባክን!» ይሉና ይሄዳሉ። ደመወዙ ትንሽ ነበር። ግን የሠራተኛ ልጅ ግቢው ውስጥ ካለው ትምህርት ቤት እንዲያው በነጻ ይማራል፤ እኔን ከገንዳው ሥር ያቆየኝ ይኸው ነበር።

መዘምራኑ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባሉ። ከመካኒሳ የቤት እመቤቶች፣ ከፋብሪካው ሠራተኞች፣ ከሀና ማርያምና ከለቡ ማዶ ገበሬዎች ይመጣሉ። መሪያቸው መምህር ኢያሱ የሚባሉ ከወለጋ የመጡ ሰው ነበሩ። መዝሙሩን በአራት ድምፅ ያስዘምራሉ፤ አንደኛና ሁለተኛው የሴቶች ነው፣ ሦስተኛና አራተኛው የወንዶች። ችግሩ ምን ነበር? ኖታ የሚያነብ ከእሳቸው ሌላ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው። የቀረው በጆሮው ነው የሚማረው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ሌላ ድምፅ ሲያዜም ደግሞ ይስታል፣ ወደዚያው ይሄዳል።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«በላይነሽ፣ ያን ዜማ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። በመስኮት ገባ።»

«የትኛው ድምፅ እንደገባ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!»

«ሁለተኛው ነው። ሴቶቹን ሁለት ወር ለፍቼ ያልያዙልኝ።»

ከሳምንት በኋላ ከውጭ አገር ሣጥን መጣ፤ ውስጡ ቴፕ ሪከርደር። ሻንጣ ያክላል፣ እላዩ ላይ ሁለት ክብ ነገሮች ይዞራሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቡናማ ክር ይጠቀለላል። እኔ ክቡን «እንዝርት» አልኩት፣ ግቢው ሁሉም እንዝርት ብሎት ቀረ። መምህር ኢያሱ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ዘምረው ሊቀዱ፣ ዘማሪው ደግሞ በተመቸው ሰዓት እየመጣ የራሱን ብቻ ሊሰማ ነው ሐሳባቸው። ለዚህ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔን መረጡኝ።

«ቢይዘኝስ?» አልኳቸው።

«ማን? ኤሌክትሪኩ? ካልነካሽው አይነካሽም።»

ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩና ልብስ አጣቢነቱ ሳይቀርልኝ የማዳመጫ ክፍል ኃላፊ ተባልኩ። ሠፈር ውስጥ ደግሞ «ሰይጣን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታዘፍናለች» ተባለ። ተዉት።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያስተማሩኝም በልማዳቸው ነው እንጂ ቁጭ አድርገው አይደለም። ክር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በፎጣ ያደርቃሉ። ቅቤ የነካ ጣት ክር ላይ ካረፈ ድምፁ ይታፈናል ይሉ ነበር፤ በዚህ የተነሣ ጠጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ ሴቶች ሻሻቸውን አጥብቀው ካላሰሩ አላስገባም። ሲቀዱ መጀመሪያ መነሻዋን ድምፅ በአፍንጫቸው ያሰማሉ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላሉ፣ ከዚያ ይዘምራሉ። እየዘመሩ በእጃቸው አይመቱም፤ ቆጠራው በእግራቸው አውራ ጣት ነው፣ ጫማቸው ውስጥ። እኔ የጫማቸውን ቆዳ ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ነው መቁጠር የተማርኩት። ማንበብ ስለማልችል ለየእንዝርቱ የቀለም ክር አሰሩልኝ፤ ነጭ ለአንደኛ፣ ቀይ ለሁለተኛ፣ አረንጓዴ ለሦስተኛ፣ ጥቁር ለአራተኛ። ቀዩ ቁልፍ ከተነካ የተቀዳው ስለሚጠፋ እኔ በራሴ ጊዜ የጠርሙስ ቆርኪ ደፋሁበት። አይተው፣ «ይሄን እኔም አላሰብኩትም» አሉኝ። ያን ቀን በእግሬ አልሄድኩም፣ በርሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ዘማሪ ሲመጣ መጀመሪያ አፉን ዘግቶ ይሰማል። ሁለተኛ ሲዞር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሦስተኛ አብሮ ይዘምራል። በአራተኛው የቴፑን መኪና አጠፋለሁ፣ ብቻውን ይወጣዋል። ከመጀመሪያው አብሮ የሚጮኽ ሰው ራሱን ነው የሚሰማው፣ ክሩን አይሰማም።

አንድ ልማዳቸው ግን አልገባኝ ብሎ ኖረ። ሲሳሳቱ ወዲያው እጃቸውን ያነሡና «ተሳሳትኩ፤ ከመጀመሪያው» ይላሉ። እንግዳ ቢኖር፣ ሲስተር ቢኖሩ፣ አያፍሩም። ትልቅ ሰው ይህን ቃል እንደ ውሃ ቀድቶ ሲያፈስ ከዚያ በፊት አላየሁም።

በጆሮ የሚማር ሰው እንዴት ያለ ታማኝ እንደሆነ ያየሁት በአህያ ነው። ለሴቶቹ የሴት ድምፅ ይሻላል ተብሎ ቀዩን እንዝርት እኔ ዘምሬ ስንቀዳ፣ መሀሉ ላይ የጎረቤት አህያ ጮኸ። እኔ ደንግጬ ትንሽ ቆም አልኩ፣ ቀጠልኩ። ክር ውድ ነው፣ ይሁን ብለን ተውነው። ከወር በኋላ አራቱ ድምፆች አንድ ላይ ሲለማመዱ ሁለተኛዎቹ ሴቶች እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጸጥ!

«ምን ሆናችሁ?» አሉ መምህር።

አንዷ፣ «አህያው እንዲያልፍ ነዋ» አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያ ነገር ማስጠንቀቂያ መሆኑን ብረዳ ኖሮ ያን ያህል አልስቅም ነበር።

ከዘማሪዎቹ ሁሉ ታማኙ ጋሽ ቶሎሳ ነበር። የለቡ ገበሬ ነው፣ የሦስተኛው ድምፅ መሪ። እርሻው ላይ ውሎ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣል፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ፤ ዱላውን በር ላይ ያቆምና እግሩን ሣር ላይ ይጠርጋል። ፊደል አያውቅም። እኔን በኦሮምኛ «ሃዳ አልማዝ» ይለኛል፣ የአልማዝ እናት ማለቱ ነው።

«ሃዳ አልማዝ፣ ይቺ ሣጥንሽ ከሚስቴ ትሻላለች።»

«በምን?»

«ዛሬ ያለችውን ነገ አትለውጥም።»

ድምፁ ከባድና የጠራ ነው። ሌሎቹ አምስት ወንዶች ቢስቱ እሱን ሰምተው ይመለሳሉ፤ እሱ ግን የሚመለሰው ወደ ክሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ነገር መጣሁ። አዲሱ ጸሎት ቤት ተሠርቶ በመስከረም ሊመረቅ ነው፤ ለዚያ ቀን የሚዘመረውን መዝሙር መምህር በሰኔ ቀዱት። በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አረንጓዴውን እንዝርት ለማዘጋጀት ሳዞር ክሩ የሚጎትተው ጎማ ውስጥ ገባ፣ ተጨማደደ፣ ተበጠሰ። በዚያው ሳምንት አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ የእንግዶችን ፋኖስ ሰብራ፣ ሰብራም ደብቃ ሲስተር አሰናብተዋት ነበር። ከእሷ ጋር ሁለት ልጆቿ ደብተራቸውን ይዘው ከግቢው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ የተባረረችበት ብዬ የያዝኩት መደበቋን አይደለም፣ መስበሯን ነው። ፈሪ ሰው የሚይዘው ያንን ነው።

መምህር ሁለት ክፍል አልፎ ነበሩ። ብጠራቸው እንደገና ዘምረው ይቀዱልኝ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አልጠራኋቸውም። ምላጭ አነሣሁ፣ የተጨማደደውን እንዳስተማሩኝ ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ጫፍ ገጥሜ ለዚሁ በተሠራው ፕላስተር ቀጠልኩ። የቆረጥኩት አንድ ስንዝር ነው። ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። አዙሬ ሰማሁ፤ ቦታው «ለዘላለም» የሚለው ቃል ነው፣ «ላ» ላይ ድምፁ የሚጎተትበት። ጠቅ እንኳ አይልም። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬም ነበር። ነገ እያልኩ ነሐሴ ገባ።

ያ መኪና ሲዞር አንድ ስንዝር ክር አንድ ቆጠራ ነው። መምህር «ላ»ን አራት ነበር የቆጠሩት። እኔ ሦስት አደረግሁት። ጋሽ ቶሎሳና አምስቱ ወንዶች ነሐሴን ሙሉ ሦስት ተማሩ።

ክረምቱን እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ነበር የሚለማመደው፤ አራቱ አንድ ላይ ሊለማመዱ የነበረባት ቅዳሜ ደግሞ ወንዙ ሞላና ስድስቱም የማዶ ወንዶች ሳይመጡ ቀሩ። «ሦስተኛዎቹ ቶሎሳ አለላቸው፣ አያሰጉም» አሉ መምህር።

ምረቃው እሑድ ነበር። እንግዳ ከየቦታው መጥቷል፣ ሲስተር ነጭ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሁለት ስንኝ አማረ። ሦስተኛው ላይ «ለዘላለም» ተባለ፤ የመምህርን ጫማ አያለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሽ ቶሎሳ ቃሉን ጨርሶ ቀጣዩን ጀመረ። አምስቱ ተከተሉት። አንደኛዎቹ ገና ጎትተው ይዘዋል፣ ሁለተኛዎቹ ደንግጠው ዝም አሉ፣ አራተኛዎቹ የትኛውን እንደሚከተሉ ጠፋቸው። ጋሽ ቶሎሳ ሰው ሁሉ የሳተ መስሎት ሊመልሳቸው ድምፁን ከፍ አደረገ። መዝሙሩ መሀል ላይ ቆመ። መምህር ከመጀመሪያው አስጀመሩ፤ እዚያው ሲደርሱ እንደገና ፈረሰ። ከእንግዶቹ አንዱ በጨዋነት አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ ከጥፊ ይከፋል።

እኔ ገና በመጀመሪያው አወቅሁ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ሰኞ መምህር ጋሽ ቶሎሳን ጠርተው፣ ለጊዜው ከመሪነቱ ይውረድ፣ ከመዘምራኑም ትንሽ ይረፍ አሉት። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ክሩን የዘመሩት ራሳቸው ስለሆኑ ክሩ አራት መሆኑን በነፍሳቸው ይምላሉ፤ ታዲያ ከሰው በቀር ማን ሊሳሳት ይችላል?

ማክሰኞ ጋሽ ቶሎሳ ገንዳው ድረስ መጣ። የመዘምራን ልብሱን አጣጥፎ ይዟል።

«እጠቢውና ለሌላ ይስጡት።»

«ጋሼ፣ ምን ነካህ? ትንሽ ዕረፍ ነው እኮ ያሉህ።»

«ሃዳ አልማዝ፣ እኔ ፊደል የለኝ። ያለኝ ጆሮ ነበር፤ እሱም በሕዝብ ፊት ከዳኝ። አሁን ወፍ ሲጮኽ እንኳ እውነት ወፍ ነው ወይ እላለሁ።»

ልብሱን ተቀበልኩት። እዚያው ልነግረው አፌን ከፍቼ «እሺ» ብቻ ወጣኝ። እሱ ሄደ። ከዘማሪው ሁሉ ክሩን በትክክል የተማረ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ የተቀጣውም ትክክል ስለተማረ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ልጄ ትምህርት ቤት እንድትቆይ የሌላ ሰው ጆሮ እየወሰድኩ ነው ማለት ነው። ልብሱን ሳላጥበው አሳደርኩት።

ረቡዕ መዘምራኑ ተሰብስበው ሳለ እንዝርቱን ይዤ ገባሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ሰምተው ይቁጠሩልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። ድምፅ አውጥተው።»

አዞርኩት። «ለዘላለም» ላይ ሲደርስ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አሉ፣ «አራት» ሊሉ ከንፈራቸው ተከፍቶ ሳለ የገዛ ድምፃቸው ወደሚቀጥለው ቃል አለፈባቸው።

«ይህ እኔ አይደለሁም።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በሐምሌ ተበጠሰብኝ። ስንዝር ቆርጬ ቀጠልኩት።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ልጄ ከትምህርት ቤት ትወጣብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

መምህር እጃቸውን አነሡ፣ እንደ ልማዳቸው፤ ዓይናቸው ግን ወደ ጋሽ ቶሎሳ ባዶ ቦታ ነበር። «ተሳሳትኩ» አሉ። «ክሩን ሳልሰማ በሰው ፈረድኩ።» ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸው ተለወጠ፤ «አንቺ አሁን ወደ ሲስተር ትሄጃለሽ። ነገ ደግሞ ለቡ ሄደሽ ለእሱ ለራሱ ትነግሪዋለሽ። እኔ አልነግርልሽም።»

ሲስተር ወረቀት አውጥተው ጻፉ። «የማዳመጫው ክፍል ቁልፍ ይመለስ። ወደ ልብስ ማጠቢያ። የልጅቱ ጉዳይ እስከ ገና ይታያል።» ይታያል! ይህን ቃል ይዤ ነው ሦስት ወር የኖርኩት።

ሐሙስ ቀሚሴን አንሥቼ ወንዙን ገባሁ። ውሃው ገና አልጎደለም፤ አንዱን እግር አጽንቼ ሌላውን እየነቀልኩ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያልኩ፣ ተሻገርኩ። ጋሽ ቶሎሳ ጤፉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ያርማል። ነገርኩት፣ ሳልቀንስ። ቀና አለ።

«ክሩ ሦስት ነበር?»

«ሦስት ነበር።»

«እኔ ሦስት አልኩ?»

«ሦስት አልክ።»

«እንግዲያስ ጆሮዬ ደህና ነዋ!» ብሎ ወደ ቤቱ ጮኸ። «አንቺ ሴትዮ! ጆሮዬ ደህና ነው!» ሚስቱ ከበር ሆና፣ «ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስጠራህ ለምን አትሰማም?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ሳቁም ጠፋ። «አራት ቀን ሰው ፊት ቀና ብዬ አልሄድኩም፣ ሃዳ አልማዝ።» ተመልሼ ስሻገር ውሃው መኖሩንም አላየሁት።

መምህር ጋሽ ቶሎሳን ወደ መሪነቱ መልሰው አረንጓዴውን እንደገና ዘምረው ቀዱት፤ መኪናውን ሌላ ሴት ያዘች። ግን የተማሩትን መርሳት ከመማር ይከብዳል። ስድስቱ ወንዶች አዲሱን ክር ይሰማሉ፣ ሲዘምሩ ሦስት ይላሉ። በጥቅምት አንድ ቀን ጋሽ ቶሎሳ ገንዳው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ያቺ በአንቺ ቦታ የገባችው ልጅ ቁልፍ መጫን ታውቃለች፣ ዝም ብሎ መስማት አታውቅም። አንቺ ያጣመምሽውን አንቺ አቅኚው።»

አንሶላ እየጨመቅሁ ቆጠርኩለት። አንሶላ ሲጨመቅ አራት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ አራተኛው ላይ ውሃው ጠብ ሲል ቃሉን ይለቃል። በማግስቱ ከሁለት ወንዶች ጋር መጣ። ከሳምንት በኋላ ስድስቱም ገንዳዬን ከበው ቆመው፣ እኔ አንሶላ፣ እነሱ «ለዘላለም»። ሲስተር አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከአጥሩ አጠገብ ቆሙ፣ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ከዚያ «ሳሙና አላግባብ አይባክን» አሉና ቁልፉን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከገና በፊት ባለው ሳምንት አልማዝ ከትምህርት ቤት አዲስ ደብተር ይዛ መጣች፤ ስሟ በሲስተር እጅ ተጽፎበታል።

ገና ዕለት ያው መዝሙር ተዘመረ። ከበሩ አጠገብ አይደለም የቆምኩት፣ ውስጥ ገብቼ ነው። «ለዘላለም» ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አልኩ በልቤ። ጋሽ ቶሎሳ አሁንም ይዟል። መምህር ዓይናቸውን አፈጠጡ። መዘምራኑ በሙሉ እሱን ጠብቀው አብረው ጎተቱና አብረው ለቀቁ። ሕዝቡ ምንም አላወቀም፣ ደስ ብሎት አለቀሰ።

ጋሽ ቶሎሳ ሲወጣ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይመታዋል፣ «ጎበዝ! አንበሳ!» ይለዋል። ድሮ ቢሆን እኔም ከሰዉ ጋር «ጎበዝ» እል ነበር። መንገዱን ዘጋሁት።

«ጋሼ፣ አምስት ነው የቆጠርከው።»

ዱላውን ተደገፈ። «አውቄ ነው» አለ። «አንቺ አንድ አጎደልሽ፣ እኔ አንድ ጨመርኩልሽ።»

«ጭማሪ አልፈለግሁም። ረቡዕ ና።»

«ረቡዕ ውቂያ አለብኝ!»

«እንግዲያው ሐሙስ» አልኩት፤ ሐሙስ መጣ።